ጠጉራሙ እንቁራሪትና የእህቴ ባል

መንደሩ ስለ እኔ የሚለውን ልንገራችሁና እንገላገል፤ "ንቱቤ ቀኑን ሙሉ እንቁራሪት ስትቆጥር ትውልና ማታ ሰው ልትነክስ ትመጣለች።" ይበሉ። ሥራዬ ነው። የኩፔን ተራራ ወንዞች እየተከተልኩ ወደ ላይ እወጣለሁ፣ ድንጋይ እገለብጣለሁ፣ የውሃውን ጥልቀትና ቅዝቃዜ እለካለሁ፣ እንቁራሪቱንም ሸርጣኑንም ወፉንም ያየሁትን እመዘግባለሁ። የገለበጥኩትን ድንጋይ በነበረበት ፊቱ መልሼ አስቀምጣለሁ። ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ስሻገር የእንቁራሪት በሽታ ይዤ እንዳልገባ ቦቲዬን በበረኪና አጥባለሁ። በዚህ የሚስቅብኝ አይጠፋም። "ለእንቁራሪት ጫማ ታጥባለች፣ ለባል ግን እግር አጥባ አታውቅም" ብሎኛል አንዱ፣ የዘምባባ ጠጁ ሲያዞረው። የመለስኩለት እዚህ አይነገርም።

የማወራችሁ ግን ስለ እህቴ ስለ አሆኔ ነው። ታናሼ ናት። ሜቱጌን ካገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል፣ ልጅ ግን አልመጣም። የሜቱጌ እናት እማማ ኤቡዴ ጠዋት ጠዋት ለዶሮዋ እህል እየበተነች፣ "አንቺስ ተባረኪ፣ ያበላሁሽን አልካድሽም፣ ፈለፈልሽልኝ" ትላለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አሆኔ ጓሮ ሆና እንድትሰማ። እኔ ብሆን ዶሮዋንም እሷንም አንድ ላይ ባባረርኳቸው ነበር። አሆኔ ግን ዝም ብላ ጎደሬዋን ትልጣለች።

በዚያ ሰሞን የባሏ ቤተሰብ ቆረጠ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሰበሰባሉ። አሆኔ ወይ ጠጉራሙን እንቁራሪት አቅርባ ከባሏ ጋር ትበላለች፣ ወይ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ አባታችን ቤት ትመለሳለች። ለሜቱጌም ሌላ ሚስት ትታጭለታለች፣ ልጅቱም ከወዲሁ ታይታለች።

ጠጉራሙን እኛ ዘንድ የማያውቀው የለም። ከዝናብ ጋር ከሰማይ ይወርዳል ይባላል፣ መውለድ ያቃታቸው ባልና ሚስት ከአንድ ሳህን ከበሉት ይወልዳሉ ይባላል። ወንዱ በመራቢያው ወቅት ጎኑና ጭኑ ላይ ጠጉር የመሰለ ነገር አብቅሎ ውሃ ውስጥ ይገባና እንቁላሉን ይጠብቃል። ሲይዙት የገዛ ጣቱን አጥንት ሰብሮ በቆዳው ያወጣና እንደ ድመት ይቧጭራል። ለዚህ ነው አዳኞች በእጅ ሳይሆን በጦር የሚፈልጉት። ከታች ባሉት ወንዞች ሲበላ ሲበላ አልቋል። ያን ዓመት በጥናታችን ሁሉ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ ንዚዴ በሚባለው ወንዝ፣ ገደሉ ውስጥ፣ ከፏፏቴው በታች ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር፣ እንቁላሉን ታቅፎ።

አሆኔ ይህን ታውቃለች። ማን ነገራት ብትሉ እኔው ነኝ፣ ደስ ብሎኝ ስለፈልፍ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አርብ ዕለት ቤቴ መጣች።

"እቴ፣ አንዱን አምጪልኝ" አለችኝ።

"አንድ ነው ያለው።"

"የምፈልገውም አንድ ነው።"

"አሆኔ፣ ነገ የምሄደው ልቆጥረው እንጂ ላርደው አይደለም። እንቁላሉ ላይ ነው ያለው። እሱ ከተነሳ እንቁላሉ ይሞታል። እንቁላሉ መኖሩን ነገ አይቼ ካልመዘገብኩ ደግሞ መንግሥት ገደሉን አይከልለውም፣ ዛፍ ቆራጮች ይገቡበታል።"

"እንቁላሉ!" ብላ ሳቀች፣ ሳቋም አስፈራኝ። "ለእንቁራሪት እንቁላል ታዝኛለሽ። እኔስ?"

"አንቺ ራስሽ በዚህ ነገር ታምኛለሽ? እውነቱን ንገሪኝ።"

"የኔን እምነት ተይው። እማማ ኤቡዴ ታምናለች። ሜቱጌ ያምናል። ሌላ ምን ያስፈልጋል?"

እሺም እምቢም ሳልላት ሄደች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት፤ እኔም እንደዚያችው ላም ሆኜ አደርኩ። በእንቁራሪት ሥጋ አላምንም። ግን እህቴ ከአንድ ሳህን በልታ በጎጆዋ የምትሰነብት ከሆነ፣ ባላምንስ? እንዲህ እያልኩ አሰብኩ። ደግሞም ያንን ፍጥረት፣ ጨለማ ውስጥ ሆኖ እንቁላሉን ሙጭጭ ብሎ የያዘውን፣ አሰብኩ።

በነጋታው ገመድ የሚይዝልኝን ሰው ወባ ጣለው። ያለ ገመድ ያዥ ገደሉ ውስጥ አይገባም። ምን ላድርግ ስል ሜቱጌ ራሱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ገጀራው በወገቡ፣ ባርኔጣው በእጁ።

"እኔ እይዝልሻለሁ፣ እቴ" አለ።

"ካካዎህስ?"

"ካካዎው እግር የለው፣ አይሄድብኝም።"

ሜቱጌን እወደው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ግዙፍ ነው፣ ለሰው ክፉ አይናገርም፣ ሸክም ሲያይ ሳይጠሩት ይሸከማል። የምጠላበት አንድ ነገር ነው። እናቱ እህቴን ስትሰድብ እሱ ጫማውን ያያል። የዚያን ዕለትም ለምን እንደመጣ ሳይገባኝ አልቀረም። እንቁራሪቱን ለመስረቅ ነው የመጣው ብዬ ጠርጥሬዋለሁ። ግን ሌላ ሰው አልነበረኝም፣ ቆጠራውም ለሌላ ጊዜ የሚተላለፍ አልነበረም፤ እንቁላሉ ከተፈለፈለ ማስረጃዬ በውሃ ሄደ ማለት ነው።

የንዚዴ ዳር ስንደርስ የበረኪናውን ባልዲ አስቀመጥኩለት።

"እግርህን አስገባ።"

"ጫማዬ ከመንደሩ ሰው ልብ ይነጻል" አለ።

"ከአንዳንዶቹ አፍም። ገልብጠህ ሶሉን እጠበው።"

ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቀም። ገደሉ መግቢያው ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ አለት፣ መሐሉ ወንዝ። ከገቡ በኋላ ፏፏቴው ዘንድ ካልሆነ በቀር መውጫ የለውም፣ እዚያ በስተቀኝ በኩል ሰው የሚያስቆም እርከን አለ። ከመግባታችን በፊት ቀና ብዬ አየሁ። የኩፔ አናት ጉም ለብሶ ነበር። እሱ ደግሞ ሁልጊዜም ጉም ለብሶ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ከጉሙ በላይ ይዝነብ አይዝነብ ከታች ሆኖ ማወቅ አይቻልም። እኛ የምናየው ውሃውን ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነበር።

"ቅጠል ሲወርድ ካየህ ጩህ" አልኩት። "ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ አትጩህ፣ ዝም ብለህ ሳበኝ።"

"አውቃለሁ፣ እቴ።"

"ማወቅህን አልጠየቅኩህም። ሳበኝ ነው ያልኩህ።"

እየለካን ወደ ላይ ወጣን። ቴርሞሜትሬን እየነከርኩ፣ ጥልቀቱን በዘንግ እያየሁ፣ ድንጋይ እያነሳሁ እየመለስኩ። ሁለት ሸርጣን፣ ጅራታቸው ገና ያልጠፋ የእንቁራሪት ግልገሎች፣ አለት ላይ ተለጥፋ የምትኖር ትንሽ ቡናማ እንቁራሪት፣ ዓሣ አዳኝ ወፍ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚል ቀን ነበር። ሜቱጌ ግን ወፉንም ሸርጣኑንም አላየም። ዓይኑ ወደ ፊት ወደ ፏፏቴው ብቻ ነበር፣ ድንጋይ ስመልስ ቆሞ ሲጠብቀኝ እግሩ ይቁነጠነጣል።

"ምን ያስቸኩልሃል?" አልኩት።

"ዝናብ እንዳይመጣ ብዬ ነዋ።"

ፏፏቴው ጋ ደረስን። እርከኑ ላይ አወጣሁት፣ የገመዱን ጫፍ ከአለቱ ጋር እንዲያስር ነገርኩት፣ ሌላውን በወገቤ አሰርኩ። ሲያስር ግን ጀርባውን ሰጠኝ፣ እኔም ዞሬ ማሰሩን አላረጋገጥኩም። ውሃው ውስጥ ገባሁ። ቅዝቃዜው ትንፋሽ ይነጥቃል። ደረቴ ደረሰ። የፏፏቴው ጩኸት ጆሮዬን ደፈነው። ጠፍጣፋውን ድንጋይ በደረቴ ተደግፌ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከሥሩ ሰደድኩ፣ ጉንጬ ውሃውን እየነካ።

መጀመሪያ ያገኘሁት እንቁላሉን ነው። ከድንጋዩ ሆድ ጋር ተጣብቋል፣ ለስላሳ፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ ብዙ። ከዚያ አንድ ነገር እጄን በኃይል መታኝና ጥፍሩን ቆዳዬ ውስጥ ተከለው።

"አለ!" ብዬ ጮህኩ፣ እያመመኝ እየሳቅኩ። "አለ፣ ሜቱጌ! እንቁላሉም አለ!"

ያባረርከኝ መስሎህ ነው አንተ ጉድ፣ አልኩት እንቁራሪቱን። እንዲህ ነው የቤት ጠባቂ። እጄን ቀስ አድርጌ ላወጣ ስል አንድ እርጥብ ቅጠል አገጬ ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው መጣ። ከዚያ ጭራሮ። ከፏፏቴው የሚወርደው ነጭ ውሃ መሐሉ ላይ እንደ ሻይ ሆነ።

"ሳብ!"

ገመዱ አልተወጠረም።

"ሜቱጌ! ደፈረሰ እኮ! ሳበኝ!"

ቀና ብዬ አየሁ። እርከኑ ላይ ቆሟል። ገመዱ በሁለት እጁ ነው፣ አለቱ ላይ አላሰረውም። ፊቱ እንደ አመድ ነጥቷል።

"መጀመሪያ እሱን አውጪው" አለ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። "ምን?"

"እንቁራሪቱን። በእጅሽ ነው። አውጪውና እስብሻለሁ።"

"ሜቱጌ፣ ውሃው እየመጣ ነው!"

"አየሁት። ስለዚህ ቶሎ በይ።"

እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቴ ይዞኝ አያውቅም። ውሃው ከደረቴ ወደ ብብቴ ወጣ። ገደሉ መውጫ የለውም፣ እጄ ድንጋይ ሥር ነው፣ ሕይወቴ በእህቴ ባል መዳፍ ላይ ነው፣ እሱም ቆሞ ከኔ ጋር ገበያ ይገባል። አፌ ውስጥ የመጣውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። እናቱንም አልማርኩም።

"ስደቢኝ" አለ፤ ሲያለቅስ አየሁት። "ስደቢኝ እቴ፣ ግን አውጪው። ነገ ያባርሯታል እኮ።"

"የምታባርራት አንተ ነህ! አፍህ ነው! እናትህን ተይ ብትላት ማን ያባርራታል? አሆኔ ይሄን ብትበላ ትወልዳለች ብለህ ነው?"

"ለአሆኔ አይደለም!"

ይህን ሲል ድምፁ ከፏፏቴው በላይ ተሰማ።

"ለሷ አይደለም። ለኔ ነው። ካካዎ ልሸጥ ኩምባ ከተማ ስወርድ ሐኪም ቤት ገባሁ። እኔ ነኝ አሉኝ፣ እቴ። እኔ ነኝ የማልወልደው። ከመጀመሪያውም እኔ ነኝ።"

ውሃው እያንገላታኝ፣ አንድ እጄ እንቁላል ላይ ሆኖ፣ እሱን አየሁት። ይሄ ሁሉ ዓመት። የዶሮው ነገር። ጓሮ ተቀምጣ ጎደሬ የምትልጠው እህቴ። አውቆ ነው ጫማውን ሲያይ የኖረው።

እንቁራሪቱ በእጄ ነበር። ይህን ልሸፍን አልፈልግም። ጣቶቼን ብጨብጥ ይወጣል፤ ገላው ከመዳፌ ሥር ይላወስ ነበር። ሞት ደጃፌ ላይ ነው፣ ማንም አይፈርድብኝም። ግን ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ነገ ሁለቱም ይበሉታል። ልጅ አይመጣም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እሷ ትሰደባለች፣ እሱ እንደገና ዝም ይላል፣ እኔም እንደገና ሌላ ፈልጊ እባላለሁ። እንቁላሉም በከንቱ ይሞታል።

ጣቶቼን ፈታሁ። እጄን ባዶውን አውጥቼ ከውሃው በላይ አሳየሁት፣ ደሙ ክንዴ ላይ ሲወርድ።

"ይኸው!" አልኩት። "የኩፔን እንቁራሪት በሙሉ ብትበላ አትድንም! መድኃኒትህ አፍህ ነው! አሁን ከፈለግክ ልቀቀኝና ነገ ለአሆኔ እህትሽን ገደልኳት በላት! እሱንስ ትናገረው ይሆን?"

ቡናማው ውሃ አፌ ውስጥ ገባ። ከዚያ ከላይ፣ ከገደሉ ጥግ፣ ያንን ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ ሲመጣ የሚሰማውን። ሜቱጌም ሰማው።

"ወይኔ እናቴ!" ብሎ ጮኸና ሳበ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን እየደበደበኝ ነው የወሰደኝ። እግሬ ተነሳ፣ ጉልበቴ አለት መታ፣ ሰማይና ውሃ ተቀላቀለብኝ። ገመዱ ወገቤን ሊቆርጠኝ ደረሰ። ጎርፉ ወደ ታች፣ ሜቱጌ ወደ ላይ። በኋላ እንዳየሁት ገመዱ መዳፉን ልጦት ነበር፣ እሱ ራሱ እስከ ጭኑ ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ሥር በክርኑ አቅፎ። ሊወሰድ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ግን አልለቀቀኝም። የበደለኝን ስናገር ይህንንም መናገር አለብኝ።

እርከኑ ላይ ወድቀን ውሃ እየተፋሁ ቆየን። ከእግራችን በታች ጎርፉ ግንድ እየነዳ ያልፋል። ጠፍጣፋው ድንጋይ አይታይም።

"ይቅር በይኝ" አለ።

በጥፊ መታሁት። ደግሜ መታሁት። ሦስተኛውን ልመታው ስል እጄ ደከመ።

"አሆኔ ታውቃለች?"

"አታውቅም። እግዜር ያሳይሽ እቴ፣ እንዳትነግሪያት። ሰው ሁሉ ምን ይለኛል? ወንድ አይደለም ይሉኛል። ከዘምባባ ጠጁ ዙሪያ ስደርስ ዝም ይላሉ።"

"እሷ ስትደርስስ ዝም አይሉም?"

የተላጠ መዳፉን በሸሚዙ ጫፍ ጠቀለለ።

"ስማኝ" አልኩት። "ነገ ቤተሰብህ ፊት ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ። ሦስተኛ መንገድ የለም።"

ውሃው ሲጎድል ወረድን። ድንጋዩ በቦታው ነበር፣ ሥሩን ግን ገብቼ አላየሁም፤ እግሬም ልቤም አልታዘዙኝም። መዝገቤ ላይ ያየሁትን ጻፍኩ፤ ወንዱ አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ከዚያ ጎርፍ መጣ።

እሁድ የእማማ ኤቡዴ ግቢ ሞልቶ ጠበቀኝ። እያነከስኩ ገባሁ። ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጧል፣ መሐል ላይ የሜቱጌ አጎት አባባ ንጋላሜ፣ ከፊቱ ባዶ ድስትና የውሃ ሳህን። ከድስቱ አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ አለች። እዚያች በርጩማ ላይ የሚቀመጠው መካኑ ነው፤ ሽማግሌው ቅጠል ውሃ ነክሮ የሚረጨውም፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚበላውም እሱ ነው። እሱ እላለሁ እንጂ ወንድ ተቀምጦባት አያውቅም። አሆኔ ተቀምጣባታለች፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሶ፣ የበዓል ልብሷን ለብሳ። ሜቱጌ ከወንዶቹ መሐል ነው፣ ሁለቱም መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

"የታለ?" አለች እማማ ኤቡዴ፣ ገና ሳልቀመጥ።

"አላመጣሁትም።"

"አጣሽው?"

"አግኝቼዋለሁ። ተውኩት።"

ግቢው እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። "ጉድ በሉ!" አለች እማማ ኤቡዴ እጇን አጨብጭባ። "የገዛ እህቷን ማህፀን ዘጋች! ለእንቁራሪት አዝና ለእህቷ ሳታዝን ቀረች! ይሄ ነው የናንተ ዘር፤ ደረቅ ከደረቅ!"

"እማማ ኤቡዴ፣" አልኩ፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። እኔ ትናንት ከሥሩ ደርሼ መጥቻለሁ።" ሜቱጌን አየሁት። ጫማውን ያያል። ቆየሁለት። አሁንም ያያል። እንግዲያውስ ብዬ አፌን ስከፍት ቀሚሴ ከታች ተጎተተ። አሆኔ ናት። ቀና ሳትል፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣

"ብትተነፍሺ እህቴ አይደለሽም" አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። "ታውቂያለሽ?"

"ከአንቺ በፊት። ከሱም በፊት። እኔን መርምረው ደህና ነሽ ካሉኝ ማን ይቀራል? እንቁራሪቱን ለማን ብዬ የጠየቅኩሽ መሰለሽ?"

እሱ ከሷ ሊደብቅ ሕይወቴን በገመድ አንጠለጠለ፤ እሷ ደግሞ ማወቋን ከሱ ልትደብቅ ስድቡን ሁሉ ትውጣለች። ሆድ ይፍጀው ብላ። አፌን ዘጋሁ። የሷ ነገር ነው፤ ከሷ ነጥቄ ልናገረው አልቻልኩም።

አባባ ንጋላሜ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ብዙ ጊዜ ታገስን" አለ፣ ሳይወድ። "አሆኔ ጥሩ ልጅ ናት፣ ማንም ክፉ አላየባትም። ነገር ግን ቤት ያለ ልጅ አይቆምም። ዛሬ ወደ አባቷ..."

ሜቱጌ ተነሳ።

ቀስ ብሎ መጥቶ አሆኔ ፊት ቆመ። በተጠቀለለው እጁ ብብቷን ይዞ አነሳት። ሊያስወጣት መስሎኝ ነበር፣ ሁሉም መሰለው፣ እሷም ዕቃዋን ለማንሳት ዞረች። እሱ ግን ዝቅ አለና፣ ያንን ግዙፍ ሰውነቱን አጥፎ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የሳቀ ነበር። አንድ ሰው፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ።

"ተነስ!" አለች እናቱ። "ሜቱጌ፣ አብደሃል? ያ የማን መቀመጫ እንደሆነ አታውቅም?"

"አውቃለሁ፣ እማዬ" አለ። "የኔ ነው። ሐኪም ነግሮኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የኔ ነበር። አባባ ንጋላሜ፣ እኔን እርጩኝ።"

ሽማግሌው ቅጠሉን እንደያዘ ቀረ፣ ከቅጠሉ ውሃ ጉልበቱ ላይ እየተንጠባጠበ። ከዚያ፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ፣ ቅጠሉን አንስቶ ሜቱጌን ረጨው።

አሆኔ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። የደስታ አልነበረም። "አሁን ነው?" አለችው። "አሁን ነው የምትናገረው? ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቄህ?" ጡጫዋን ጨብጣ ትከሻው ላይ መታችው፣ እሱም አልተከላከለም።

"ልጄ፣" አለ አባባ ንጋላሜ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ "ቤተሰቡ የሚለው የለውም። አንቺ ንገሪን። ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ?"

በዚያ ግቢ ውስጥ አሆኔን ሰው ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር። ፊቷን በራስ መሸፈኛዋ ጠረገች። ሁላችንንም አየችን፤ ሽማግሌውን፣ እኔን፣ በርጩማዋ ላይ የታጠፈውን ባሏን። መጨረሻ ላይ ዓይኗ እማማ ኤቡዴ ላይ አረፈ።

"ርቦኛል" አለች። "ለናንተ ሳበስል ነው ያነጋሁት፣ እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። በልቼ እነግራችኋለሁ።"

የዚያን ቤት ምግብ ሁልጊዜ የምታቀርበው አሆኔ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ እማማ ኤቡዴ ወንበሯን ተደግፋ ተነሳች፣ ወደ ማድቤት ገባች፣ ዕቃ ሲንኳኳ ሰማን። ጎደሬና የዓሣ ወጥ በጥሩው ሳህን ይዛ መጣች። ወጡ ጣቷ ላይ ፈሰሰባት፣ አልጠረገችውም። ጎንበስ ብላ አሆኔ ፊት አስቀመጠችው።

አሆኔ እጇን ታጥባ ቀስ ብላ በላች። ግቢው ሁሉ፣ እናትየውም ቆማ፣ ባሏም በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ እስክትጨርስ ጠበቃት።